ክርክር፦ የሴቶቹ ሲክስ ኔሽንስ ወራጅ ይኑረው?

አወያይ
የሳምንቱ ክርክር ተከፍቷል። ራግቢ ለማትከታተሉ ባጭሩ፦ ሲክስ ኔሽንስ በየዓመቱ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ አየርላንድ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ጣሊያን የሚገናኙበት ውድድር ነው። እያንዳንዳቸው አምስት ጨዋታ አላቸው። በሩ ዝግ ነው። መጨረሻ የወጣ አይወርድም፣ ከውጭ የሚገባም የለም። በ2025ቱ የሴቶች ውድድር እንግሊዝ አምስቱንም አሸንፋ ለሰባተኛ ተከታታይ ጊዜ ዋንጫ አነሳች። ዌልስ አምስቱንም ተሸንፋ ለሁለተኛ ተከታታይ ዓመት መጨረሻ ወጣች። ጥያቄው ይሄ ነው፦ መጨረሻ የወጣው ቡድን ይውረድና እንደ ስፔን ያለ ቡድን ይግባ? ስድብ ክልክል ነው። በተለይ አንተን ናቲ።

ናቲ (አዲስ አበባ)
ገና ሳልጀምር? ደህና። ይውረድ ነው የምለው። ውጤቶቹን እዩዋቸው። እንግሊዝ ጣሊያንን 38–5፣ ዌልስን 67–12፣ አየርላንድን 49–5፣ ስኮትላንድን 59–7። ከአምስቱ ጨዋታ የሚባለው የፈረንሳዩ ብቻ ነበር፣ 43–42። ሌላው ልምምድ ነው። የኛ አገር ክለቦች ወራጅ ቀጠና ሲገቡ እንዴት እንደሚሯሯጡ ታውቃላችሁ። ቡድን የሚያነቃው ያ ፍርሃት ነው። ዌልስ ግን አሸነፈችም ተሸነፈችም ለሚቀጥለው ዓመት ቦታዋ ይጠብቃታል። ታዲያ ለምን ትልፋ?

ቤዛ (ካርዲፍ)
ናቲ አንተ ውጤት አንብበህ ነው የምታወራው። እኔ የ67–12ቱ ቀን እዚያው ስታዲየም ውስጥ ነበርኩ። 21,186 ሰው ገብቷል። በዌልስ የሴቶች ራግቢ እስከዚያ ቀን ድረስ ይሄን ያህል ሰው ታይቶ አያውቅም ነበር። ከፊቴ ቀይ ማሊያ የለበሱ ሁለት ትንንሽ ልጆች ከአባታቸው ጋር ነበሩ። ዌልስ ትራይ ስታስቆጥር (ኳሱን መስመር አሻግሮ መሬት ማስነካት ነው፣ 5 ነጥብ ያሰጣል) ወንበር ላይ ወጥተው ሲጮሁ አባትየው ማሊያቸውን ከኋላ ጨምድዶ ይዟቸው ነበር። በዚያ ሰዓት ቡድናቸው በስንት ነጥብ እንደተበለጠ ጉዳያቸውም አልነበረም። እነዚህን ልጆች ነው «በሚቀጥለው ዓመት እንግሊዝ አትመጣም፣ እኛም የለንም» የምትላቸው?

ናቲ (አዲስ አበባ)
ልጆቹ ደስ ይላሉ። ግን ይሄ ስሜት ነው፣ ክርክር አይደለም።

ጋሽ ታደሰ (ለንደን)
ልጆች፣ እኔ ይሄ «እንግሊዝ ሁልጊዜ ስለምታሸንፍ ሰለቸን» የሚባለው ነገር አይገባኝም። ጥሩነሽ 10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ ማን ነው ሰለቸኝ ያለው? ቤጂንግም ወሰደች፣ ለንደንም ወሰደች፣ እኛ እልል ነው ያልነው።

ናቲ (አዲስ አበባ)
ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና ለንደን 2012 ላይ ሁለተኛ የወጣችው ሳሊ ኪፕዬጎ ከ6 ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ነው የገባችው። የዌልሱን ወደ ሩጫ ብንቀይረው ጥሩነሽ ጨርሳ፣ ታጥባ፣ ምሳ በልታ ነው ሁለተኛዋ የምትመጣው። ደግሞ እልል ያልነው የኛ ስለሆነች ነው። ኬንያውያንን ይጠይቋቸው።

ጋሽ ታደሰ (ለንደን)
እሺ፣ ይሄን ሰጠሁህ። የልዩነቱን ምንጭ ግን ልንገርህ፣ እዚህ ቆይቼ ያየሁት ነው። እንግሊዝ በዚህ ውድድር ለመጨረሻ ጊዜ የተሸነፈችው በ2018 ነው። ግሬኖብል ላይ፣ በፈረንሳይ፣ 18–17። በዓመቱ፣ በጥር 2019፣ የእንግሊዝ ራግቢ ፌዴሬሽን 28 ሴቶችን የሙሉ ጊዜ ውል አስፈረመ። ከዚያ በኋላ ሥራቸው ራግቢ ብቻ ሆነ። ሰባቱ ተከታታይ ዋንጫ የሚጀምረውም ልክ በዚያው ዓመት ነው። ዌልስ የመጀመሪያዎቹን 12 ሴቶች የሙሉ ጊዜ ያስፈረመችው በጥር 2022 ነው። ሦስት ዓመት ዘግይታ፣ ያውም በግማሽ ቁጥር እንኳን ሳትደርስ። አየርላንድ፣ ስኮትላንድና ጣሊያንም ያኔ ናቸው የተንቀሳቀሱት። እስከዚያ ድረስ አንዷ አስተማሪ፣ አንዷ ነርስ፣ አንዷ ፖሊስ ሆና ውላ ማታ ነው ወደ ልምምድ የምትሄደው። ራግቢ ደግሞ በወኔ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። ሰውነት መገንባት አለብህ፣ ማረፍ አለብህ፣ ስምንት ሰው ከስምንት ሰው ጋር ትከሻ ገጥሞ በሚገፋፋበት ስክረም ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለች ሴትና ተኝታ የተነሳች ሴት እኩል አይደሉም።
አሁን አንተ ዌልስ ትውረድ ስትል የምትቀጣው ማንን ነው? ተጫዋቿን። ዘግይቶ ብር ያወጣው ማን ነው? ቢሮ የተቀመጠው።

ቤዛ (ካርዲፍ)
ጋሽ ታደሰ በሉልኝ! በ2015 ስዋንሲ ላይ ዌልስ እንግሊዝን 13–0 አሸንፋ ነበር። ዜሮ ነው የወጡት! በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 67–12 የተገለበጠው የዌልስ ሴቶች ራግቢ ረስተው አይደለም። የዌልስ ራግቢ ዩኒየን ራሱ እኮ በ2024 የሴቶቹን የውል ድርድር ያበላሸበትን መንገድ አምኖ በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። በዚያው ዓመት ነው መጨረሻ የወጡት። ግጥምጥሞሽ አይመስለኝም።

ሄኖክ (ባርሴሎና)
ገባሁ። አንድ ነገር ላስተካክል። እንግሊዝ ከ2006 እስከ 2012ም ሰባት ተከታታይ ዋንጫ ወስዳለች። ያኔ የሙሉ ጊዜ ውል የሚባል ነገር አልነበረም። ስለዚህ ሁሉን ነገር በ2019 ላይ አትለጥፉት። እንግሊዝ ትልቅ አገር ናት፣ ክለብ ሞልቷታል፣ ሴቶቹን ቀድማ ነው ማጫወት የጀመረችው።

ሜሮን (ደብሊን)
ሄኒ፣ ልክ ነህ። ግን ያ ሰባት ዓመት እንዴት እንዳለቀ ሳትናገር ዘለልከው። በ2013 አየርላንድ አሽቦርን በምትባል ትንሽ ከተማ ሜዳ ላይ እንግሊዝን 25–0 አሸነፈች፣ ከዚያም አምስቱንም አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ማንም ወርዶ፣ ማንም ገብቶ አይደለም።

አሁን ዋናውን ልናገር፣ ምክንያቱም ማንም አላነሳውም። ናቲ የሚለው ሕግ ቢኖር ኖሮ በ2023 የምትወርደው አየርላንድ ነበረች። አምስቱንም ተሸንፋ መጨረሻ ወጣች። በእንግሊዝ 48–0፣ ያውም ኮርክ ላይ፣ በሜዳዋ። ከዚያ በፊት በ2021 ፓርማ ላይ በስኮትላንድ ተሸንፋ ከዓለም ዋንጫ ቀርታለች። ያኔ ደብሊን ውስጥ ስለ ሴቶች ራግቢ የሚያወራ ሰው ወይ ይናደዳል ወይ ያፍራል።
በ2024 ሚያዝያ ትዊክንሃም (የእንግሊዝ ትልቁ የራግቢ ስታዲየም) ላይ በእንግሊዝ 88–10 ተሸነፉ። ሰማንያ ስምንት። ናቲ ያንን ቀን ቢያይ ኖሮ ፌዴሬሽኑ ይዘጋ ይል ነበር። ግን በዚያው ዓመት ሦስተኛ ሆነው ጨረሱ፣ ለዓለም ዋንጫም አለፉ። በአምስት ወሩ፣ መስከረም ላይ፣ ቫንኩቨር ሄደው የዓለም ሻምፒዮኗን ኒውዚላንድን 29–27 አሸነፉ። ተቀይራ የገባችው ኤሪን ኪንግ ሁለት ትራይ አስቆጠረች፣ ዳና ኦብራየን የመጨረሻዋን ምት ከግቡ ቋሚዎች መሃል አሳለፈች፣ አለቀ። እኔ ሌሊት ነው ያየሁት፣ ጎረቤት እንዳይነቃ ትራስ ነክሼ።
በ2023 ወርደው ቢሆን ኖሮ እነዚህ ልጆች ያን ጊዜ ከማን ጋር ነበር የሚጫወቱት? ከማን ይማሩ ነበር? በ88–10 ውስጥ ያለፈ ሰው ነው ኒውዚላንድን የማይፈራው።

ናቲ (አዲስ አበባ)
የአየርላንዱን አላውቅም ነበር፣ ጥሩ ነጥብ ነው። ግን የተመልካቹን ነገር መልሱልኝ። 2023 እንግሊዝና ፈረንሳይ ትዊክንሃም ሲጫወቱ 58,498 ሰው። 2024 እንግሊዝና አየርላንድ 48,778። 2025 እንደገና ከፈረንሳይ ጋር፣ ለዋንጫ፣ 37 ሺህ ገደማ። ቁልቁል እየሄደ ነው። ሰው መጨረሻውን ለሚያውቀው ፊልም ብር አይከፍልም።

ጋሽ ታደሰ (ለንደን)
የ2023ቱ ለብቻው የሚታይ ነው። የሴቶቹ ቡድን ከወንዶቹ ጨዋታ ጋር ሳይዳበል በትዊክንሃም ለብቻው የተጫወተበት የመጀመሪያው ቀን ነበር፣ የአሰልጣኙም ስንብት ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን ደግሞ አትቁረጠው። በ2025 ነሐሴ፣ የዓለም ዋንጫው መክፈቻ ሰንደርላንድ ላይ 42,723 ሰው ገባ። እንግሊዝ አሜሪካን 69–7 ነው ያሸነፈችው። ሁሉም መጨረሻውን ያውቅ ነበር፣ ገባ። ፍጻሜው ደግሞ የመስቀል ዕለት ዋለ። እኔ ከቤተ ክርስቲያን በነጭ ልብሴ፣ ነጠላዬን እንኳን ሳላወልቅ ነው ቀጥ ብዬ ትዊክንሃም የሄድኩት። የእንግሊዝ ማሊያም ነጭ ስለሆነ ባቡር ውስጥ አንዷ «ጥሩ ለብሰሃል» አለችኝ። እኔ እኮ ለካናዳ ነበር ልጮህ የሄድኩት። 81,885 ሰው። እንግሊዝ 33–13።

ናቲ (አዲስ አበባ)
ካናዳን ራስዎ አነሱልኝ! ካናዳ ለዓለም ዋንጫው ዝግጅት አንድ ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ከሕዝብ ለመሰብሰብ ነው የወጣችው። በመዋጮ ፍጻሜ ደረሰች። ታዲያ የብር ጉዳይ ነው የሚሉት የት ገባ?

ሜሮን (ደብሊን)
ብዙዎቹ የካናዳ ተጫዋቾች በእንግሊዝ ሊግ ክለቦች ውስጥ ናቸው። ብሩ ሌላ ሰው ነው የከፈለው እንጂ አልቀረም።

ቤዛ (ካርዲፍ)
የዌልስ ልጆችም እኮ እዚያው ሊግ ናቸው ያሉት። ይሄን ለናቲ የምሰጠው ነጥብ ነው፣ እኔንም ያናድደኛል። ግሎስተር ሃርትፐሪ ሦስት ዓመት ተከታትሎ የእንግሊዝን ሊግ ሲወስድ ውስጡ የዌልስ ልጆች ነበሩ። አሰልጣኙ ሾን ሊንም አሁን የዌልስ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ነው። ቅዳሜ ለክለቧ ዋንጫ የምታነሳ ልጅ፣ ቀዩን ማሊያ ስትለብስ ምን እንደሚነካት አይገባኝም። በዓለም ዋንጫውም በስኮትላንድ 38–8፣ በካናዳ 42–0፣ በፊጂ 28–25። የፊጂው አሁንም ያመኛል።

ሄኖክ (ባርሴሎና)
እሺ አሁን ስፔንን ላምጣ። በሩ ሁልጊዜ ዝግ ነበር የሚባለው ውሸት ነው። ስፔን እስከ 2006 ድረስ በሴቶቹ ሲክስ ኔሽንስ ውስጥ ነበረች። በ2007 ወጥታ ጣሊያን ገባች። የወንዶቹ ውድድር ውስጥ ያለችው ጣሊያን ስለሆነች ሴቶቹም እንዲመሳሰሉ ነው። በሩ አንድ ጊዜ ሲከፈት የተከፈተው ስፔንን ለማስወጣት ነው ማለት ነው። ስለዚህ «ተጫዋቿን አትቅጡ» የምትሉ ሰዎች፣ የስፔኖቹን ማን አሰበላቸው? ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ ሁለተኛ እርከን ውድድር በየዓመቱ ማለት ይቻላል እነሱ ናቸው የሚያሸንፉት፣ ግን የሚወጡበት መሰላል የለም። ባለፈው የዓለም ዋንጫ አየርላንድ ላይ 27 ነጥብ አስቆጥረዋል። ዌልስ በዚያው ዓመት ሲክስ ኔሽንስ በአምስቱ ጨዋታ ያን ያህል ያስቆጠረችበት ቀን የለም።

ቤዛ (ካርዲፍ)
አየርላንድ ስንት እንዳስቆጠረች ዘለልከው። 43። ደግሞ የዌልስና የስፔን ነገር በወሬ አይደለም የሚፈታው፣ ተጫውተውበታል። በ2024 ዌልስ መጨረሻ ስለወጣች በዓለም አቀፉ ውድድር ላለ ቦታ ከስፔን ጋር ካርዲፍ ላይ ተፋልማለች። 52–20። ያንተ የወራጅ ጨዋታ እኮ ተካሂዷል።

ሄኖክ (ባርሴሎና)
የ2024ቷ ዌልስ ናት ያሸነፈችው። የ2025ቷ በፊጂ ተሸንፋለች። እኔ የምለው ቀጥታ ይውረዱ አይደለም። በየሁለት ዓመቱ መጨረሻ የወጣውና የአውሮፓው ሻምፒዮን አንድ ጨዋታ ይጫወቱ። ያውም በስድስቱ አገር ሜዳ። ዌልስ 52–20 የምታሸንፍ ከሆነ ምን ያስፈራታል?

ሜሮን (ደብሊን)
አንድ ጨዋታ? አንድ ቀይ ካርድ የአራት ዓመት ሥራ ያጠፋል። 2022 በዓለም ዋንጫው ፍጻሜ ኒውዚላንድ ውስጥ፣ ኤደን ፓርክ ላይ እንግሊዝ በ18ኛው ደቂቃ አንድ ተጫዋች በቀይ ወጥቶባት፣ 30 ጨዋታ ተከታትላ አሸንፋ መጥታ፣ የዓለም ዋንጫውን 34–31 አጣች። ደግሞ በስፔን ቦታ የገባችው ጣሊያን በ2019 ሁለተኛ ወጥታለች። ጊዜ ስለተሰጣት ነው። ለስፔንም ጊዜ ይሰጣት እላለሁ፣ ግን ሰባተኛ ሆና ትጨመር እንጂ ማንም አይውጣ።

ጋሽ ታደሰ (ለንደን)
ሜሮንዬ፣ ሐሳቡ መልካም ነው፣ ግን ባለቤቶቹን እዩ። ውድድሩ የስድስቱ ፌዴሬሽኖች ንብረት ነው። በ2021 ደግሞ ሲቪሲ የሚባል የኢንቨስትመንት ድርጅት አንድ ሰባተኛውን ድርሻ ገዝቷል። ወራጅ ይኑር ብሎ ድምፅ የሚሰጠው ራሱ ሊወርድ የሚችለው ሰው ነው። ሰባተኛ ይጨመር ቢባል ደግሞ ብሩ ለሰባት ይከፈላል። የትኛው ነው እጁን የሚያወጣው? እኔ ብሆን ክርክሩን ሌላ ቦታ ነው የማደርገው፦ ከገቢው ለሴቶቹ ቡድን ቢያንስ ይሄን ያህል ያላወጣ ፌዴሬሽን የወንዶቹ ድርሻ ይቀነስበት። ያኔ ታያላችሁ እንዴት እንደሚሯሯጡ።

ናቲ (አዲስ አበባ)
ይሄ ፍርሃት ነው እኮ ጋሼ! እኔ ከመጀመሪያው ያልኩት!

ጋሽ ታደሰ (ለንደን)
ፍርሃቱን ለቢሮው አድርገው ነው የምልህ።

ሄኖክ (ባርሴሎና)
ስፔን በዚህ ሁሉ ውስጥ አሁንም ውጭ ናት። ይመዝገብልኝ።

ናቲ (አዲስ አበባ)
አቋሜ አልተለወጠም። ግን ቤዛ፣ ሚያዝያ ላይ የዌልስን ጨዋታ ከአዲስ አበባ ሆኜ የት ነው የማየው?

ቤዛ (ካርዲፍ)
ጠይቄ በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ። ቀዩን ነው የምትደግፈው ግን።