የዕቅድ ውይይት፦ የዶሮ መኖ ከመቀላቀያው እስከ መመገቢያ ገንዳው

ሰብሳቢዋ፦ ሰላም ናችሁ? ከቢሾፍቱና ከሞጆ አባላት የመጣው ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው። ቅርፊቱ ስስ የሆነ እንቁላል በዝቷል። ረቂቁ ላይ «መኖ አቀነባባሪ እንቀይር» የሚል ሐሳብ አለ። ከመጽደቁ በፊት አስተያየት ስጡበት።

የመኖ ቅልቅል ባለሙያ፦ እኔ አልስማማም። መኖው በደንብ ተቀላቅሎ ወጥቶም መንገድ ላይ ሊለያይ ይችላል። የምንጠቀመው ዱቄት መኖ ነው። ክርትፍ በቆሎ አለበት፤ ቀላል ፉርሽካ አለበት፤ የላመ ፕሪሚክስ (የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ) እና ጨው አለበት። መጠናቸውም ክብደታቸውም አይገናኝም። መኪና ሲያንገጫግጫቸው ደቃቁ በክርትፉ መሃል እየሾለከ ወደ ታች ይወርዳል። ከከፍታ ወደ ጎተራ ሲፈስ ደግሞ ደቃቁ መሃል ይከመራል፤ ትልልቁ ወደ ዳር ይንከባለላል። ጎተራው ከሥር ሲከፈት መጀመሪያ የሚወርደው ብዙ ጊዜ የመሃሉ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ጆንያዎች ደቃቅ ይበዛባቸዋል፤ የመጨረሻዎቹ በቆሎ። አንዱ አባል ቫይታሚን ገዛ፤ ሌላው በቆሎ ገዛ። ዋጋው ግን እኩል!

አርቢ፣ ሞጆ፦ ዶሮዋ ራሷስ? መራጭ ናት እኮ። ገንዳው ሲሞላ ጉልበተኞቹ ክርትፉን ለቅመው ይጨርሳሉ። ለደካሞቹ የሚቀረው ብናኝ ነው። ሠራተኛው ደግሞ «አልበሉም» ብሎ በላዩ ላይ ይጨምርበታል።

የእንስሳት ሐኪም፦ ልክ ነዎት። ከሥር የቀረው ብናኝ ይጋገራል፤ እርጥበት ካገኘ ይሻግታል። በቀን አንዴ ገንዳው ባዶ እስኪሆን ይጠበቅ፤ ግን ለረጅም ሰዓት አይራቡ። ቅርፊቱን በተመለከተ፣ እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 4 ግራም ገደማ ካልሲየም ትፈልጋለች። ቅርፊቱ በአብዛኛው የሚሠራው ሌሊት፣ መኖ በማትበላበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ካልሲየም ከሚሰጠው ከኖራ ድንጋዩ ቢያንስ ግማሹ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ያለው ክርትፍ ይሁን። ሆዷ ውስጥ ቆይቶ ቀስ እያለ ይሟሟል። የላመው ቶሎ ያልፋል።

ወጣት አባል፣ አዳማ፦ ታዲያ ለምን ተጨምቆ እንክብል ወደሆነው መኖ፣ ወደ ፔሌት፣ አንገባም? መለያየቱም መምረጡም ያኔ ያበቃል።

የመኖ ቅልቅል ባለሙያ፦ ይቀንሳል እንጂ አያበቃም። ያልጠነከረ ፔሌት በጭነትና በማራገፍ ይፈረካከሳል። ከዚያ መልሰን ብናኝ ላይ ነን፤ ያውም በውድ ዋጋ። ይልቅ የመፍጫው ወንፊት ይስተካከል፤ በቆሎው በጣም ክርትፍ አይሁን። ከ1 እስከ 2 በመቶ ዘይት ቢገባበትም ብናኙን ይይዘዋል።

አርቢ፣ ቢሾፍቱ፦ ዘይት? በዛሬ ዋጋ? ለቤቴም እየቆጠብኩ ነው!

ሰብሳቢዋ፦ እሺ፣ ዘይቱ በአንድ እርባታ ብቻ ይሞከር። አቀነባባሪ መቀየር የሚለው ከረቂቁ ወጥቷል። በምትኩ የገባው ይህ ነው፦ ናሙና ከመቀላቀያው መውጫ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ከተሞሉ ጆንያዎች፣ ከገንዳው ሁለት ጫፎች ይወሰዳል። በወንፊት ተነፍቶ ይመዘናል፤ ካልሲየሙ ላቦራቶሪ ይታያል። መቀላቀያው ላይ ያለው ራሱ የተዛባ ከሆነ አቀነባባሪውን ያኔ እንጠይቃለን።

አርቢ፣ ሞጆ፦ ጫኝና አውራጆቹንስ ማን ያነጋግር? ጆንያ ከአይሱዙ ላይ ይወረውራሉ እኮ።

ሰብሳቢዋ፦ እርስዎ ያነጋግሩልን። የማውረጃ ሒሳቡ ላይ ትንሽ ጭማሪ በጀት ውስጥ አስገባለሁ፤ በባዶ እጅ «ቀስ በሉ» ማለት አይሠራም።