ክርክር፦ «ሠልጥኖ የወጣ» ሞተረኛ ከየት ነው የወጣው?

ሁለት ጎማ፦
ትናንት ስለ ጀማሪ ሞተረኞች ስንነጋገር የሜዳው መምህር «በአግባቡ ሠልጥኖ የወጣ ሰው አይወድቅም፤ የሚወድቀው ከጓደኛው የተማረው ነው» ብለው ጻፉ፤ ብዙ ሰውም አጨበጨበላቸው። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቼ አደርኩ። የአክስቴ ልጅ በግንቦት ሠልጥኖ ወጣ። ማሠልጠኛው ሜዳ ላይ ስምንት ቁጥሩን (ለፈተና በ8 ቅርጽ የሚነዳውን መስመር) ሲሠራ ቆሜ አይቼዋለሁ፤ አንድም ጊዜ እግሩን መሬት አላስነካም። ፈተናውንም በመጀመሪያው ሙከራ አለፈ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ከጎተራ ወደ ሳሪስ ሲሄድ ከፊቱ የነበረ ሚኒባስ ተሳፋሪ ለማንሣት ድንገት ወደ ዳር ወጥቶ ቆመ። ካፊያ ነበር። ልጁ የኋላውን ፍሬን ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠው። ጎማው ተቆለፈ፤ ሞተሩ በጎኑ ተኝቶ እየተንሸራተተ ሚኒባሱ ሥር ገባ። ልጁ ትከሻው ተሰበረ፤ ነፍሱ ግን ተረፈች። እንግዲህ ይህ ልጅ ከየት ነው የወጣው? የወጣው ከሜዳው በር ብቻ ነው።

የሜዳው መምህር፦
ልጄ፣ በመጀመሪያ ምሕረቱን ይላክለት። ነገር ግን የጻፍኩትን ሙሉውን አንብብልኝ፤ «በአግባቡ» ብያለሁ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሜ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ከጓደኛው የተማረውን ከሩቅ እለየዋለሁ። ዓይኑ የፊት ጎማው ላይ ተተክሏል፤ ማርሽ ሲቀየር በግራ እጅ የሚጨመቀውን ፍሪሲዮን በአንድ ጊዜ ይለቀዋል፤ በዝግታ ሲሄድ ሁለቱን እግሮቹን ያንጠለጥላል። ያንን ልማድ ማስለቀቅ አዲስ ሰው ከማስተማር ይከብዳል። ስንት የደከምንበትን ሥራ በአንድ ልጅ መውደቅ አታጣጥለው።

የሶዶ ልጅ፦
እኔን ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ቦታው ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የከብት መስክ። ሰው ማመላለስ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ፤ አንድ ቀን ወድቄ አላውቅም። መምህር፣ «የሚወድቀው ከጓደኛው የተማረው ነው» ሲሉ እኛ አገር ሞተር የሚነዳውን ሁሉ ነው የሰደቡት።

የሜዳው መምህር፦
አልተሳደብኩም። አሥራ አንድ ዓመት የተረፍከው አንተ መጥተህ ትጽፋለህ። በመጀመሪያው ወር የቀሩት ግን መጥተው አይጽፉም።

ቁጥር ይናገር፦
መምህር የሚሉትን የሚደግፍ ጥናት አለ። በ1981 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሃሪ ኸርት የተባለ ተመራማሪ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የደረሱ 900 የሞተር ሳይክል አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄደ ከመረመረ በኋላ ውጤቱን አሳተመ። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 በመቶው መደበኛ ሥልጠና አልነበራቸውም፤ ወይ ራሳቸውን ያስተማሩ ወይ ከቤተሰብና ከጓደኛ የተማሩ ነበሩ።

ሁለት ጎማ፦
ያን ጊዜ እዚያ ከተማ ሞተር ከሚነዳው ሰው ስንት በመቶው ሠልጥኖ ነበር? ዘጠና በመቶው ያልሠለጠነ ከሆነ ከወደቁትም ዘጠና በመቶው ያልሠለጠነ ቢሆን ምን ይገርማል?

ቁጥር ይናገር፦
ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ ሰውየውም አስቦበታል። አደጋ በደረሰባቸው ቦታዎች በሰላም የሚያልፉ 2,310 ነጂዎችንም ቆጥሮ አነጻጽሯል፤ የሠለጠኑት በአደጋው ውስጥ ከድርሻቸው ያነሱ ሆነው ተገኝተዋል። እውነቱን ለመናገር ግን፣ በራሱ ፈቃድ ሄዶ የሚሠለጥን ሰው ከመጀመሪያውም ጠንቃቃ ሊሆን ይችላል። ጥንቃቄው ከሥልጠናው ይምጣ ከሰውየው መለየት ከባድ ነው። በ2010 ደግሞ፣ ይህም በፈረንጆች ነው፣ ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ድርጅት ስለ ሞተር ሥልጠና የተደረጉ 23 ጥናቶችን መርምሮ፣ አብዛኞቹ ደካማ ስለሆኑ ሥልጠና አደጋን ይቀንሳል ወይም አይቀንስም ለማለት አይቻልም ብሏል። አስገዳጅ ሥልጠና ምናልባት የሚጠቅመው አንዳንዱን ሰው አሰልችቶ ፈቃድ ከማውጣት ስለሚያስቀረው ሊሆን ይችላል የሚል ግምትም አለበት።

የሶዶ ልጅ፦
ማለትም የሥልጠናው ጥቅም ሰው ሞተር እንዳይነዳ ማድረጉ ነው? እንዲህ ከሆነ መምህርን ምን ያደክማቸዋል?

የአሌክሳንድሪያው፦
እዚህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ እኔም ሠልጥኜ ወጥቼአለሁ። ቅዳሜና እሑድ፣ አንድ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ላይ፣ በእነሱ ትንንሽ ሞተሮች። ኮርሱን የጨረሰ ሰው የመንግሥቱ የመንዳት ፈተና ይቀርለታል። ስለዚህ ከመኪና ማቆሚያው ወጥቶ በቀጥታ አውራ ጎዳና ላይ መግባት ይችላል። ሁለቱን ቀን ሙሉ በሰዓት ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያለፍኩ አይመስለኝም። ነገር ግን ያገኘሁትን አልክድም። መጀመሪያ ያስተማሩኝ ፍሪሲዮኑን ነው፤ ሞተሩ መሳብ የሚጀምርባትን ያቺን ትንሽ ቦታ በጣቴ እስካውቃት ድረስ ግማሽ ሰዓት ወደ ፊትና ወደ ኋላ አወዛወዙኝ። ቀጥሎ ዓይን መጣ፤ መድረስ የምትፈልግበትን እንጂ የምትፈራውን ነገር አትይ፣ ያየኸው ላይ ነው የምትሄደው አሉኝ። ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የመሪውን ቀኝ እጅ ወደ ፊት መግፋት እንዳለብኝ ሲነግሩኝ አላመንኩም፤ ሞክሬው ሞተሩ ወደ ቀኝ ሲያጋድል ገረመኝ። ይህንን ጓደኛዬ ሊያስተምረኝ አይችልም ነበር፤ እሱ ራሱ ሳያውቀው ነው የሚያደርገው። መጨረሻ ላይ አሠልጣኛችን ወረቀቱን እየሰጠን «አሁን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ለመንዳት ብቁ ናችሁ» አለን። መምህር፣ እኔ ከእርስዎ ልሰማ የምፈልገው ያቺን ዓረፍተ ነገር ነው።

የሜዳው መምህር፦
እኔም ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። የማይሰሙ ከሆነ ምን ላድርግ?

ሁለት ጎማ፦
ትናንት ግን «አይወድቅም» ነው ያሉት። ያንን ቃል የሰማ የሃያ ዓመት ልጅ ምን ብሎ የሚረዳው ይመስልዎታል?

ሲስተር ነኝ፦
የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። የመጣውን ሰው መንጃ ፈቃድ አለህ ወይ ብዬ አልጠይቅም፤ የምጠይቀው ሄልሜት ነበረህ ወይ ብዬ ነው። ሄልሜት አደጋ ሲደርስ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ጥናቶቹ አሳይተዋል፤ በዚህ ላይ እንደ ሥልጠናው ጭቅጭቅ የለበትም። ባለፈው ወር አንድ ወጣት አመጡልን። ሄልሜቱ አብሮት መጣ፤ ውጭውም ውስጡም አንድ ጭረት የለበትም። ክርኑ ላይ አንጠልጥሎት ነበር የሚነዳው፤ ትራፊክ ሲያይ ሊያጠልቀው። ኪሱ ውስጥ ያለው መንጃ ፈቃድ አዲስ ነበር። ሥልጠናው ይህን ልጅ ሄልሜት የት እንደሚደረግ ሳይነግረው ቀርቶ ነው?

የሶዶ ልጅ፦
ሲስተር እውነቷን ነው። እኔ ሄልሜት አለኝ። ተሳፋሪው ግን አያደርግም፤ የሌላ ሰው ላብ ነው ይላል፤ ሴቶቹ ጸጉራቸው ይበላሻል። ሁለተኛ ሄልሜት ገዝቼ አንድ ዓመት ሙሉ መሪው ላይ ተንጠልጥሎ ዞረ።

ቁጥር ይናገር፦
ወደ ሁለት ጎማ የአክስት ልጅ ልመለስ፤ በእሱ ላይ የደረሰው ከኸርት ጥናት ላይ የተቀዳ ይመስላል። አብዛኞቹ ነጂዎች ሲደነግጡ የኋላውን ፍሬን ከልክ በላይ ረግጠው ጎማውን ያንሸራትቱና የፊቱን ከሚገባው በታች ይይዛሉ ይላል። ለማምለጥ ያላቸው ጊዜም በአብዛኛው ከሁለት ሰከንድ ያነሰ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በአንድ ሰከንድ ከ16 ሜትር በላይ ይጓዛል። ሜዳው ላይ በ15 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መቆም የተማረ ልጅ በ60 ሲሄድ ፍጥነቱ አራት እጥፍ ነው፤ ፍሬን ከያዘ በኋላ የሚያስፈልገው ርቀት ግን አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። ይህንን አካሉ አያውቀውም።

የሶዶ ልጅ፦
የፊት ፍሬን ገልብጦ ይጥላል። እኛ ጋ ብዙ ሰው ገመዱን አላልቶ ነው የሚነዳው። እኔም አልነካውም።

የሜዳው መምህር፦
ልጄ፣ እግዚአብሔር አሥራ አንድ ዓመት ጠብቆሃል! ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የኋላው ጎማ ይቀላል። ቀላል ጎማ ምን ይይዛል? አስፋልት ላይ ከመቆሚያ ኃይልህ ወደ ሰባ በመቶ የሚሆነው የፊቱ ነው። ገልብጦ የሚጥለው በድንገት ስታንቀው ነው። በአራት ጣት ቀስ እያልክ፣ ሎሚ እንደምትጨምቅ እያጠበቅክ ስትሄድ አይጥልህም።

የሶዶ ልጅ፦
አስፋልት ላይ ይሁን። እኔ ኮረኮንች ላይ ነው የምውለው። ቁልቁለት፣ አሸዋና ጠጠር፣ ከኋላዬ ሰው፣ ከሰውየው ኋላ ጤፍ። ይምጡና ሎሚዎን እዚያ ይጭመቁ።

ሁለት ጎማ፦
መምህር፣ አሁን የጻፉትን ለአክስቴ ልጅ ማን ነገረው? ጠይቄዋለሁ። ያሠለጠነው ሰው «የፊቱን አትንካ» ነው ያለው፤ ስምንት ቁጥር ሲሠሩ የፊቱን የያዘ ስለሚወድቅ። ለሜዳው ትክክል ነው። መሪው ታጥፎ፣ በእርምጃ ፍጥነት የፊቱን ከያዝክ ትተኛለህ። ልጁ ያንን ይዞ ወጣ። ለፈተናው የጠቀመው ምክር ጎተራ ላይ ትከሻውን ሰበረው። ስለዚህ እኔ የምለው ሥልጠናው አንሷል ብቻ አይደለም። ፈተናውን ለማለፍ ብቻ ስትማር ለመንገድ የማይሆን ነገር ተምረህ ትወጣለህ ነው የምለው። የሁለት ሳምንት ትምህርት ለዚያች ስምንት ቁጥር ተብሎ ያልቃል፤ በመጨረሻ ልጁ በስፖኪዮ አይቶ፣ ፍሬቻ አሳይቶ፣ ትከሻውን ዞር አድርጎ አረጋግጦ መስመር መቀየር አንድ ቀን እንኳን አልተለማመደም።

የሜዳው መምህር፦
እንደዚያ ያለው አሠልጣኝ ካለ ስህተት ሠርቷል፤ አልከላከልለትም። ነገር ግን አስፋልት ላይ ይዤው ልውጣ ብል ከኋላው የሚመጣው አይሱዙ ለማጅ ነው ብሎ ይታገሠዋል? የመኪና ለማጅ አሠልጣኙ አጠገቡ ተቀምጦ ፍሬን ይይዝለታል። ሞተር ላይ ግን ልጁ ብቻውን ነው፤ ሮጬ አልደርስበትም። ተሳስቶ የሞተ ለማጅ በእኔ እጅ ነው የሚሞተው።

የአሌክሳንድሪያው፦
ይህ ትክክለኛ ነጥብ ነው። እዚህም መኪና ማቆሚያ ላይ የሚያስቀሩን ለዚሁ ነው።

ሁለት ጎማ፦
ገባኝ። ግን ከእርስዎ እጅ ወጥቶ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ቢሞትስ የማን እጅ ነው?

ዕቃ አድራሽ፦
ይቅርታ፣ ሁላችሁም የረሳችሁት ነገር አለ። በሰኔ 2011 መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ያለ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ሲከለከል ምክንያቱ ወንጀል ነበር፤ ስለ ጀማሪ ደኅንነት ያነሣ አልሰማሁም። ዛሬ በፈቃድ የምንሠራው በአብዛኛው ዕቃና ምግብ እናደርሳለን። እኔ የምሠራበት ቦታ ካረፈድኩ ከክፍያዬ ይቀነሳል። መምህር በሜዳው ላይ «ርቀትህን ጠብቅ» ብለው አስተምረውኛል እንበል። ሰሚት ድረስ በሃያ ደቂቃ ካልደረስኩ ግን የምቀጣው እኔ ነኝ። ርቀት ስጠብቅ ደግሞ ሚኒባሱ ይገባበታል። የተማርኩትን አልረሳሁትም፤ በየቀኑ እያወቅኩ ነው የምጥሰው።

ሲስተር ነኝ፦
ወንድሜ፣ ይህን ያህል ግልጽ አድርጎ የነገረኝ ሰው የለም። ሌሊት ከሚመጡልን ግማሾቹ ጀርባቸው ላይ የምግብ ሣጥኑ አለ።

የሜዳው መምህር፦
እንግዲህ ይህ የአሠሪው ጥፋት ነው ወይስ የማሠልጠኛው?

ዕቃ አድራሽ፦
የማሠልጠኛው አይደለም። ግን አሠሪዬ ሲቀጥረኝ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መንጃ ፈቃድ አለህ?» አለኝ፤ አለኝ አልኩ፤ በማግስቱ ቦሌ ላይ ነበርኩ። ወረቀቱ እሱን ከማሰብ ገላገለው።

ቁጥር ይናገር፦
ኸርት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አደጋ ከደረሰባቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዚያ ሞተር ላይ የነበራቸው ልምድ ከአምስት ወር ያነሰ ነበር። ቢያንስ እነዚያን የመጀመሪያ ወራት በጥድፊያ ሥራ ላይ አለመዋል የሚቻልበት መንገድ መኖር አለበት።

የሶዶ ልጅ፦
አምስት ወር ሳይሠራ ማን ያበላዋል? ሞተሩን በብድር ነው የገዛው።

ሁለት ጎማ፦
የአክስቴ ልጅ ሞተሩን ሸጠው። የገዛው ልጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሲወስደው በቀጣዩ እሑድ ባዶ መንገድ ላይ ከእኔ ጋር ፍሬን እንድንለማመድ ለመንኩት። ሠልጥኜ ወጥቻለሁ፣ አያስፈልገኝም አለኝ። መምህር፣ የእርስዎ ቃል በልጁ አፍ ነው የተመለሰልኝ።

የሜዳው መምህር፦
ልጁን እሑድ ወደ እኔ አምጣው። ያለ ክፍያ፣ ቀጥታ መስመር ላይ፣ በሰዓት ከአርባ ኪሎ ሜትር ፍጥነት እስኪቆም አስተምረዋለሁ። «አይወድቅም» ያልኩትን ግን «በአግባቡ» ከምትለው ቃል ጋር አንድ ላይ ያዝልኝ፤ አላነሣትም።

ሁለት ጎማ፦
እለምነዋለሁ። «በአግባቡ» የምትለዋ ቃል ግን ለወደቀው ሁሉ መልስ ልትሆን ነው፤ የወደቀ ሁሉ በአግባቡ አልሠለጠነም ይባላል፤ ያልወደቀ ሁሉ ሠልጥኗል ይባላል። እንዲህ ከሆነ መቼ ነው እርስዎ ሊሳሳቱ የሚችሉት?

የአሌክሳንድሪያው፦
እሑድ ልምምዱ ከሰመረ እባካችሁ እርጥብ አስፋልት ላይም ሞክሩት። ክረምቱ ሳይወጣ።

የሶዶ ልጅ፦
የፊት ፍሬኑን ነገር ግን እስካሁን አልተቀበልኩም። ጠጠር ላይ እንዴት እንደሚደረግ የሚያውቅ ይንገረኝ።