የገደል ማቋረጫው ቧንቧ፦ ክፍል 3ን አብረን እናርመው

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልኝ አባላት። ሐሳባችን ወረዳ ከመግባቱ በፊት ክፍል 3ን እንየው። ከአንኮበር ቁልቁል ሲወረድ፣ ጎርፍ የፕላስቲኩን የውሃ መስመር የወሰደበት ገደል ነው። ስፋቱ 18 ሜትር። በ2 ኢንች የስቴይንለስ (የማይዝግ ብረት) ቧንቧ፣ 304 በሚባለው ዓይነት እንሻገራለን ብለናል። ረቂቁ «ቧንቧው ሲወፍር የብረቱ ቴንሳይል ጥንካሬ ስለሚጨምር ስኬጁል 40 ይገዛ» ይላል። ቴንሳይል ማለት ብረቱ ሲሳብ የሚችለው ነው፤ ስኬጁል ደግሞ የቧንቧው ግድግዳ የውፍረት ደረጃ ነው።

በያጅ፦ ይቺ ዓረፍተ ነገር ትውጣልን። የብረት ጥንካሬ የሚለካው እያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር በሚችለው ጉልበት ነው። 304 ሲሳብ ቢያንስ 515 ሜጋ ፓስካል፣ ማለትም በካሬ ሚሊ 52 ኪሎ ገደማ ይችላል፤ ቀጭንም ሆነ ወፍራም ያው ነው። የሚለያየው የብረቱ መጠን ነው። ስኬጁል 10 ውፍረቱ 2.77 ሚሊ ነው፤ ስኬጁል 40 ደግሞ 3.91። ተቆርጦ ቢታይ አንዱ ወደ 500፣ ሌላው ወደ 690 ካሬ ሚሊ ብረት አለው። ስለዚህ አንዱ በ26 ቶን ገደማ ይበጠሳል፣ ሌላው በ36።

ገንዘብ ያዥ፦ ታዲያ ወፍራሙ በለጠ ማለት አይደል? ምን ከፋን?

በያጅ፦ የሚሸከመው ጨምሯል እህቴ፣ ልክ ነሽ። ግን 26 ቶን የሚስብ ነገር እዚያ ገደል ላይ የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ውርጩ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብረቱ ይኮማተራል፣ ቀን ፀሐይ ሲያገኘው ይለጠጣል። ውሃ ከሌለበት ደግሞ ይብሳል። የ30 ዲግሪ ልዩነት ብንይዝ 18 ሜትሩ 9 ሚሊ ገደማ ይንቀሳቀሳል። ሁለቱን ጫፍ ኮንክሪት ውስጥ ከቀበርነው ያ 9 ሚሊ መሄጃ ያጣል። ያኔ ስኬጁል 10 መሠረቱን በ5 ቶን ይስበዋል፣ ስኬጁል 40 በ7 ቶን። ወፍራሙ የራሳችንን ኮንክሪት ነው የሚነቅለው። አንዱ ጫፍ ተንሸራታች ይሁን።

የላይኛው ሰፈር ተወካይ፦ እኔም አንድ ልበል። መኪና እዚያ አይደርስም። በትከሻ ነው የምናወርደው። ባለ 6 ሜትሩ ቀጭኑ 24 ኪሎ፣ ወፍራሙ 33 ኪሎ ነው አላችሁ። በዚያ ቁልቁለት 9 ኪሎ ቀላል አይደለም።

ሰብሳቢ፦ ግፊቱንስ ይችለዋል? ምንጩ ከማቋረጫው 120 ሜትር ከፍ ይላል።

በያጅ፦ 12 ባር ነው ጋሼ። ስኬጁል 10 ከ100 ባር በላይ ይይዛል። አደራ የምለው ለማጠማዘዣ የሚሆን ጥርስ እንዳይወጣበት ነው። 2.77 ሚሊ ላይ ጥርስ ከተቆረጠ የሚተርፈው ብረት በጣም ቀጭን ነው። መገጣጠሚያው በአርጎን ጋዝ ይበየድ፣ ጫፎቹ በፍላንጅ (በብሎን በሚያያዝ ክብ ሳህን) ይታሰሩ። ስለምንበይደው ደግሞ 304ኤል ብንል ይሻላል። ጥንካሬው ትንሽ ይወርዳል፣ 485 ነው። ግን ካርቦኑ ዝቅተኛ ስለሆነ በብየዳው ዳር ዝገት አይጀምርም።

ገንዘብ ያዥ፦ ብረት በኪሎ ነው የሚሸጠው። ቀጭኑን ስንገዛ የሚተርፈው ገንዘብ ለተንሸራታቹ ድጋፍ ይሁን። ተስማምቻለሁ።

ጸሐፊ፦ እንዲህ ጻፍኩት፦ «18 ሜትር፣ 2 ኢንች፣ 304ኤል፣ ስኬጁል 10፤ በአርጎን የተበየደ፤ አንድ ጫፉ ተንሸራታች።»

በያጅ፦ «ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ውፍረቱ በካሊፐር ይለካ» የሚል ጨምሪበት። ፋብሪካ እስከ 12.5 በመቶ ቢቀንስ ይፈቀድለታል። ከ2.42 በታች ከሆነ ግን አንረከብም።

ጸሐፊ፦ ገብቷል።