የድሬን ጭስ ከምንጭ ምንጩ መለየት አቃተኝ፤ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ጥናቴ ድሬዳዋ አየር ላይ ያለው ደቃቅ ብናኝ ውስጥ የሚገኘው ኦርጋኒክ ካርቦን ከየት እንደሚመጣ መለየት ነው። ከከዚራና ከመጋላ ሰፈሮች በኳርትዝ ፊልተር ናሙና ሰብስቤያለሁ። የላብራቶሪ ውጤቱም ደርሶኛል። የተቸገርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

የእንጨት ጭስ ሌቮግሉኮሳን በሚባል ውህድ ይታወቃል፤ የእንጨቱ ዋና አካል የሆነው ሴሉሎስ ሲቃጠል የሚወጣ ነውና። እኛ ጋ ግን ቡናውም ወጡም በከሰል ነው። እንጨቱ ሲከስል ሴሉሎሱ አብዛኛው አስቀድሞ ስለሚያልቅ፣ የከሰል ጭስ ውስጥ ሌቮግሉኮሳን እምብዛም አይገኝም። ታዲያ የከሰሉን ድርሻ በምን ልያዘው? በፖታሲየም ለየው ያለኝ ሰው ነበር። እሱ ደግሞ አፈር ውስጥም አለ፤ የድሬን አቧራ የሚያውቅ ይፍረደኝ። ዕጣኑን ጨርሶ አላነሳሁትም፣ እሱም የሚጤሰው ከሰል ላይ ነው!

የባጃጁን ጭስ መለየቱ ይሻላል። የሞተር ዘይት ውስጥ ሆፔን የሚባሉ ውህዶች አሉ፤ እነሱ በደንብ ታይተዋል።

ከናሙናዎቹ ልኬት ተነስቶ ምንጮቹንና ድርሻቸውን የሚገምተውን ፒኤምኤፍ የተባለውን ሞዴል ሳስኬደው ግን ከሰሉንና ተሽከርካሪውን አንድ ላይ ይጨፈልቅብኛል። የምንጮቹን ቁጥር ስጨምርለት ትርጉም የሌለው ነገር ያወጣል። ናሙናዬ አንሶ ይሆን? ሲኤምቢ ወደሚባለው ሌላ ሞዴል እንዳልዞር፣ እሱ የየምንጩን ኬሚካላዊ መገለጫ ቀድሞ ይፈልጋል። በውጭ አገር ምድጃ የተለካ መገለጫ ለእኛ ማንደጃ ይሆናል ብዬ አላምንም።

ከግራር ከሰል ጭስ የተለካ መገለጫ ያላችሁ፣ ወይም ፒኤምኤፍን በጥቂት ናሙና የሠራችሁ፣ እባካችሁ ጻፉልኝ። ዳታውን ማየት ለሚፈልግ እልካለሁ።