የማመን ዝንባሌያችን ከተፈጥሯችን የመጣ ነውን?

የሆጤ መምህር (ደሴ)
ጤና ይስጥልኝ። በደሴ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ሕይወት አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ተፈጥሯዊ ምርጫ፣ ማለትም ለመኖር የሚጠቅም ባሕርይ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተወረሰ ስለሚበዛበት ሂደት ሳስረዳ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ዓይናችንም እጃችንም በዚህ መንገድ ከመጡ፣ ማመናችንስ ከዚያው የመጣ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ክፍሉ በሙሉ ጸጥ አለ። ከተማሪዎቼ ገሚሱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ፣ ገሚሱ ሱብሂ ሰግዶ የሚመጣ በመሆኑ ጥያቄው የሁሉንም ቤት ይነካ ነበር። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እንደምመለስበት ቃል ገብቼላታለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሳነብ ያገኘሁት ነገር ይበልጥ አሳስቦኛል። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ፣ በአሜሪካ የተደረገ የሚኒሶታ የመንትዮች ጥናት፣ ተለያይተው ያደጉ መንትዮችን ጭምር መርምሮ፣ በሰዎች መካከል በሃይማኖተኝነት ከሚታየው ልዩነት ግማሽ ያህሉ ከዘረመል (ከወላጅ በደም ከሚወረሰው) ጋር የተያያዘ መሆኑን ይገልጻል። ይህ እውነት ከሆነ በወሎ የአንድ እናት ልጆች አንዱ ሙስሊም፣ ሌላው ክርስቲያን ሆነው በአንድ ግቢ መኖራቸውን እንዴት እናስረዳለን? ለልጅቷ እውነቱን ሳላጎድል፣ የማንንም ቤት ሳላቃልል መመለስ እፈልጋለሁ።

ከቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)
መምህር፣ «ግማሽ» የምትለዋን ቃል አስቀድመን በጥንቃቄ ብንይዛት መልካም ነው። አኃዙ የተጠኑት ሰዎች እርስ በርስ የሚለያዩበትን መጠን የሚመለከት ስለሆነ፣ «የእኔ እምነት ግማሹ ከደሜ፣ ግማሹ ከአስተዳደጌ ነው» የሚል ትርጉም አይወጣውም። ጥናቱ የለካውም ሰዎቹ ለሃይማኖት ምን ያህል ቦታ እንደሚሰጡ ነው፤ የየትኛው ሃይማኖት ተከታይ እንደሚሆኑ ከዘረመላቸው አላነበበም። ስለዚህ እርስዎ የጠቀሷቸው ወንድማማቾች ጥናቱን አያፈርሱትም። አንዱ ወደ መስጊድ፣ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቢሄድም ሁለቱም እኩል ትጉህ ጸሎተኞች ሊሆኑ ይችላሉ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው፣ በዚያው በሚኒሶታ በጎልማሳ ወንድ መንትዮች ላይ የተደረገው ጥናት ነው። ስለ ልጅነታቸው ሲጠየቁ የዘረመል ድርሻ 12 በመቶ፣ የጋራ ቤታቸው ድርሻ 56 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ ስለ አሁኑ ሕይወታቸው ሲጠየቁ ግን የዘረመሉ ወደ 44 ከፍ ሲል የቤቱ ወደ 18 ወረደ። ልጅ እናቱ ወደምትሄድበት ይሄዳል፤ ከቤት ከወጣ በኋላ ግን የራሱ ዝንባሌ እየጎላ ይመጣል ማለት ነው። ይሁን እንጂ የልጅነታቸውን ነገር የተናገሩት ከትዝታ ነው፤ አገሩም አሜሪካ ነው። ልጅ አግብቶም ከወላጆቹ ደጅ በማይርቅበት በእኛ አገር ቁጥሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። በ2004 አንድ ተመራማሪ አንድ ዘረመል ለይቶ ከመንፈሳዊነት ጋር ማያያዙም ብዙ ቢወራለትም በሙያው ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም።

የጦሳ ሥር (ደሴ)
ለተማሪዋ ከቁጥር ይልቅ ኮሽታ የሚቀርባት ይመስለኛል። በምሽት ከአዝዋ ገደል በኩል ቁጥቋጦ ኮሽ ሲል «ጅብ ነው» ብሎ የሮጠ ሰው ቢሳሳት የሚያጣው ትንፋሹን ብቻ ነው፤ «ነፋስ ነው» ብሎ የቆመ ሰው ግን ቢሳሳት ሕይወቱን ያጣል። በመሆኑም ከእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ጀርባ አንድ አድራጊ መኖሩን ቶሎ የሚጠረጥር አእምሮ በብዙ ትውልድ ተመርጦ ቀረ ይላሉ አንዳንድ ተመራማሪዎች። ዳርዊን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1871 ነፋስ በሚያወዛውዘው ዣንጥላ ላይ ስለሚጮኽ ውሻው የጻፈው ይህንኑ ለማስረዳት ነበር። በ1944 ሃይደርና ዚመል የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾችና አንድ ክብ ወዲያ ወዲህ የሚሉበትን አጭር ፊልም ሲያሳዩ፣ ተመልካቾቹ ስለ ጠብ፣ ስለ ፍቅርና ስለ ማሳደድ ተረኩላቸው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ዴቦራ ኬለመን ያነጋገረቻቸው ሕፃናት ደግሞ ድንጋይ የሾለው እንስሳት እንዲታከኩበት ነው የሚለውን ማብራሪያ ይመርጡ ነበር። በዚህ አመለካከት እምነት በራሱ የተመረጠ ነገር አይደለም፤ ለሌላ ጉዳይ በተሠራ አእምሮ ላይ የበቀለ ነው።

የሸዋ በር ልጅ (ደሴ)
ወንድሜ፣ ጅቡ ፍርሃትን ያስረዳልኝ ይሆናል፤ ዱዓን ግን አያስረዳልኝም። እናቴ ቤት ዱዓ ሲደረግ እጣኑ ጨሶ፣ ቡናው ቀርቦ፣ መንዙማው በድቤ ሲወጣና ሁሉም በአንድ ድምፅ ሲቀበል፣ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ ሲያጨበጭቡ፣ እዚያ ቤት የሚሆነው ነገር አድራጊን ከመጠርጠር እጅግ የራቀ ነው። ሰውን ከሰው የሚያስተሳስር ነገር ነው።

ይህንንም የለኩ አሉ። በስፔን ሳን ፔድሮ ማንሪኬ በተባለች መንደር በየዓመቱ ፍም ላይ የሚራመዱ ሰዎች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ጥናት የተራማጆቹና የዘመዶቻቸው የልብ ምት አብሮ ከፍና ዝቅ ሲል ተመዝግቧል፤ የባዕድ ተመልካቾቹ ልብ ግን አልተከተለም። በ2003 ተመራማሪው ሪቻርድ ሶሲስና ባልደረባው የ19ኛው ክፍለ ዘመን 83 የአሜሪካ የጋራ መኖሪያ ማኅበራትን ሲመረምሩ፣ ከሃይማኖታውያኑ መካከል ጾሙና ክልከላው የበዛባቸው ረዘም ላለ ጊዜ መቆየታቸውን አገኙ፤ ዓለማዊ በሆኑት ግን ክልከላው ዕድሜ አልጨመረላቸውም። ረመዳንንና ሁዳዴን አስከትላችሁ አስቡት። እምነት ማኅበርን ካጸና፣ የጸናውም ማኅበር ልጆቹን ካሳደገ፣ «ሳይታሰብ የበቀለ» ብቻ ብለን ልናልፈው አንችልም።

የባቲ መንገድ ተጓዥ (ኮምቦልቻ)
መልሱ ከደጃችን ሳለ ስፔን ድረስ ሄድን። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ አፋር የሚወርደውን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። በአፋር መካከለኛ አዋሽ ሄርቶ ከተባለው ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1997 የተገኙት፣ ዶክተር ብርሃነ አስፋው ያሉበት ቡድን በ2003 ይፋ ያደረጋቸው የራስ ቅሎች 160,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ የሕፃን ነው። ሥጋው በድንጋይ ስለት የተነሣበት ምልክት አለው፤ አጥንቱም ደጋግሞ በእጅ ከመያዝ የተነሣ ይመስላል ልሞ ይገኛል። ተመራማሪዎቹ ከሞት ጋር የተያያዘ ሥርዓት ሳይሆን አይቀርም ብለውታል። ምን ብለው ያምኑ እንደነበር አጥንት አይናገርም። ሆኖም የሞተን ልጅ ራስ በእጁ ይዞ ያቆየ ሰው፣ ሞትን ዝም ብሎ ያለፈው አይመስለኝም።

የሆጤ መምህር (ደሴ)
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የኮሽታውና የዱዓው ማብራሪያ የሚጣሉ አይመስለኝም፤ አንዱ ሐሳቡ እንዴት እንደሚጫር፣ ሌላው የተጫረው ለምን እንደሚቆይ ይናገራል። ተማሪዋ ግን ቀጥላ «ታዲያ እውነት ነው ወይስ አይደለም?» ማለቷ አይቀርም። የጦሳን ተራራ የሚያይ ዓይናችን በዝግመተ ለውጥ መገኘቱ ጦሳን አያጠፋውም፤ በኮሽታ መደንገጣችንም ከቁጥቋጦው ውስጥ ጅብ አያስቀምጥም። ሥነ ሕይወት የማመን ችሎታችንን መነሻ ሊመረምር ይችላል፤ የሚታመነው መኖር አለመኖሩን ግን በዚህ መንገድ ሊወስን አይችልም። ይህንኑ ለክፍሉ እነግራለሁ፤ የሄርቶውን የሕፃን ራስ ቅል ሥዕልም ይዤላቸው እገባለሁ።