በኤፕሪል መጨረሻ ወደ ዴናሊ ብሔራዊ ፓርክ በመኪና፦ እስከ የት ድረስ መግባት ይቻላል?

መንገደኛው (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴ፣ ከ9 እና ከ12 ዓመት ልጆቻችን እንዲሁም ከ66 ዓመት እናቴ ጋር በኤፕሪል የመጨረሻ ሳምንት ወደ አላስካ ለመሄድ ትኬት ቆርጠናል። አንኮሬጅ ላይ መኪና ተከራይተን በጆርጅ ፓርክስ አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን በመንዳት ዴናሊ ብሔራዊ ፓርክን ለማየት አስበናል። ይህን ወቅት የመረጥነው አንድም በበጋ የሚጠየቀው የማደሪያና የአውሮፕላን ዋጋ ከዐቅማችን በላይ ስለሆነ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ልጆቼ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ የሰው ድምፅና የመኪና ጩኸት በሌለበት ሰፊ ምድር ላይ ቆመው እንዲያዩት ስለምፈልግ ነው።

ካርታ ላይ ስመለከት ከካንትዌል ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ እስከ ፓክሰን የሚዘልቅ «የዴናሊ አውራ ጎዳና» የሚባል መንገድ አገኘሁ። ዕቅዳችን አንድ ቀን በዚሁ መንገድ ፓርኩን ማቋረጥ፣ በማግሥቱ ደግሞ በፓርኩ ውስጥ እስከ ዎንደር ሐይቅ ደርሶ መመለስ ነው። ለጉዞው በሙሉ አራት ቀን መድበናል። ዕቅዱ የሚሆን ነው? ምን ዓይነት መኪናስ ብንከራይ ይሻላል? በዚያ ወቅት የሄደ ሰው ካለ ቢመክረን እናመሰግናለን።

የሰሜን ነዋሪ

ወንድማችን፣ አስቀድሜ አንድ አደገኛ ስሕተት ላርም። የዴናሊ አውራ ጎዳናና የፓርኩ መንገድ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። እርስዎ ካርታ ላይ ያዩት ከካንትዌል እስከ ፓክሰን 135 ማይል (217 ኪሎ ሜትር ያህል) የሚረዝመው መንገድ በፓርኩ ውስጥ አያልፍም፤ አብዛኛው ጠጠር ነው፤ በክረምትም በረዶው ስለማይጠረግለት አብዛኛውን ጊዜ እስከ ሜይ አጋማሽ ድረስ ለመኪና አይሆንም። የስልክ መንገድ መሪ በጭፍን የሚከተል ሰው በኤፕሪል ወደዚያ ቢታጠፍ፣ መሀል ላይ በበረዶ ተይዞ ስልክ በማይሠራበት ቦታ ሊቀር ይችላል። እባክዎ ከዕቅድዎ ያውጡት። (ስለ ስም ካነሣን አይቀር፣ በፓርኩ ውስጥ ያለው ዴናሊ የሚባለው ተራራ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በፌዴራል መንግሥቱ መዝገብ እንደገና ማኪንሊ ተብሎ ቢሰፍርም የፓርኩ ስም ዴናሊ እንደሆነ ነው፤ ሁለቱንም ስሞች ካርታ ላይ ቢያገኙ አይደናገሩ።)

የፓርኩ መግቢያ በጆርጅ ፓርክስ አውራ ጎዳና 237ኛው ማይል ላይ ነው፤ ከአንኮሬጅ ሳይቸኩሉ ቢነዱ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስድስት ሚሊዮን ኤከር በሚሸፍነው በዚያ ምድር ውስጥ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ሲሆን እስከሚያበቃበት እስከ ካንቲሽና 92 ማይል ይረዝማል። የመጀመሪያዎቹ 15 ማይሎች፣ እስከ ሳቬጅ ወንዝ ድረስ፣ አስፋልት ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ጠጠር ነው። በበጋ፣ ማለትም አውቶቡሶቹ ሥራ ከሚጀምሩበት ከሜይ 20 ገደማ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ፣ የግል መኪና ከሳቬጅ ወንዝ እንዲያልፍ አይፈቀድለትም። እንግዲህ የእርስዎ ወቅት መልካም ዕድል የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በፀደይ ጠራጊ ማሽኖቹ መንገዱን ከፍተው አውቶቡሶቹ ገና ሳይጀምሩ፣ አየሩ ከፈቀደ፣ በገዛ መኪና እስከ ቴክላኒካ፣ 30ኛው ማይል ድረስ መንዳት ይፈቀዳል። በበጋ የአውቶቡስ ትኬት ገዝቶ የሚሄድበትን መንገድ እርስዎ በፈለጉት ቦታ እየቆሙ ያዩታል ማለት ነው።

«አየሩ ከፈቀደ» ያልሁት ለወግ አይደለም። ቁርጥ ያለ የመክፈቻ ቀን የለም፤ ዛሬ የተከፈተው በር ማታ በጣለ በረዶ ነገ ሊዘጋ ይችላል። በፀደይ ከሁሉ የሚያስቸግረው ደግሞ ከላይ የሚወርደው ብቻ ሳይሆን ከሥር የሚወጣው ውሃ ነው፤ ምንጩና ጅረቱ መውጫ ሲያጣ በረጋው በረዶ ላይ ይፈስና ሌሊቱን መንገዱ ላይ እንደ መስታወት ይረጋል። ቀን ላይ ረግረግ የነበረው ጠጠር ንጋት ላይ ያንሸራትታል። ስለዚህ ጠዋት በጣም አይቸኩሉ፤ በወሩ መጨረሻ የቀኑ ብርሃን 16 ሰዓት ያህል ስለሚቆይ ጊዜ አያጥርብዎትም።

ዎንደር ሐይቅ ግን አይሆንም። ሐይቁ 85ኛው ማይል ላይ ሲሆን መንገዱ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2021 ጀምሮ 43ኛው ማይል አካባቢ ተዘግቷል። ምክንያቱ ፕሪቲ ሮክስ በሚባለው ገደል የደረሰው የመሬት መንሸራተት ነው። ከዓመት ዓመት በረዶ ሆኖ ይኖር የነበረው የተራራው ሆድ እየሞቀ ሲሄድ መንገዱን የተሸከመው አፈር ወደ ታች መሄድ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በወር በኢንች ይለካ የነበረው እንቅስቃሴ በ2019 በቀን በኢንች ይለካ ጀመር፤ በ2021 በሰዓት ከግማሽ ኢንች በላይ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ነበር። ያን ቦታ የሚያሻግር ድልድይ የመሥራት ሥራም ተጀምሯል። ድልድዩ አልቆ ቢሆን እንኳ በኤፕሪል ከ30ኛው ማይል ማለፍ ለእርስዎ አይፈቀድም።

መኪናን በተመለከተ፣ በአራቱም ጎማ የሚሄድ ቢሆን ይመረጣል፤ ሆኖም ከዚያ ይልቅ የጎማው ዓይነት ይበልጣልና ለበረዶ የተሠራ ጎማ እንዳለው ሲከራዩ ይጠይቁ። ውሉንም ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡት፤ ብዙ አከራዮች በጠጠር መንገድ ላይ መንዳትን ይከለክላሉ። ውልዎ የሚከለክል ከሆነ ጉዞዎ ሳቬጅ ወንዝ ላይ ያበቃል።

የሁለት ልጆች እናት

እኛ በተመሳሳይ ወቅት ከልጆቻችን ጋር ሄደን ስለነበር የተቸገርንበትን ልንገርዎት። ችግራችን መንገዱ ሳይሆን ሆዳችን ነበር። በፓርኩ በር አጠገብ በርካታ ሆቴልና ምግብ ቤት እንዳለ ካርታው ስለሚያሳይ ስንቅ ሳንይዝ ሄድን። ስንደርስ ሁሉም በጣውላ ተዘግቶ፣ በራፉ ላይ በረዶ ተከምሮ አገኘነው። እነዚያ ቤቶች ለበጋ እንግዳ ብቻ የሚከፈቱ ናቸው፤ አብዛኞቹ እስከ ሜይ አጋማሽ አይከፈቱም። ልጆቼ ያን ዕለት እስከ ማታ በብስኩት ቆዩ፤ ይህን ሳስብ አሁንም ያሳዝነኛል። ዓመቱን ሙሉ ማደሪያና ነዳጅ የሚገኘው ከመግቢያው ወደ ሰሜን 11 ማይል ያህል በሚርቀው ሂሊ ነው። የምግብ ዕቃውን ከአንኮሬጅ ስትወጡ በምታልፉባት በዋሲላ ከተማ ይሸምቱ፤ ከዚያ በኋላ ሱቁም ማደያው እየተራራቀ ይሄዳል። ነዳጁ ግማሽ በደረሰ ቁጥር መሙላት ይበጃል።

በበሩ አጠገብ ያለው የራይሊ ክሪክ የድንኳን ሰፈር ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው፤ ነገር ግን ከወቅት ውጭ የቧንቧ ውሃ የለውም፤ ሌሊቱም ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ከእናትዎ ጋር እዚያ እንዲያድሩ አልመክርም። የመግቢያ ክፍያው ዕድሜው 16 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው 15 ዶላር ነው፤ ለሰባት ቀን ያገለግላል፤ ልጆችዎ አይከፍሉም። መጀመሪያ ወደ ሙሪ የሳይንስና የትምህርት ማዕከል ይግቡ። በበረዶው ወራት የእንግዳ መቀበያው እሱ ነው፤ የመንገዱን የዕለት ሁኔታም ከሬንጀሮቹ (ከፓርኩ ጠባቂዎች) አፍ ይሰማሉ።

ልጆቼ እስከ ዛሬ የሚያነሡት ተራራውን ሳይሆን ውሾቹን ነው። 3ኛው ማይል አካባቢ፣ የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ባለበት፣ በረዶ ላይ መንሸራተቻ የሚጎትቱ ውሾች የሚኖሩበት ግቢ አለ። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ጠባቂዎቹ ክረምቱን ሙሉ ፓርኩን የሚጠብቁት በእነዚህ ውሾች ነው፤ ሰው ያልነካው ዱር ተብሎ በሕግ በተከለለው ክፍል ሞተር መጠቀም ስለማይፈለግ ልማዱ እስከ ዛሬ ቆይቷል። ለሕዝብ የሚደረገው ሠርቶ ማሳያ የበጋ ነው፤ ውሾቹን በግቢያቸው ለመጎብኘት ግን በጋን መጠበቅ አያስፈልግም።

ጎሕ ቀደደ

የቀደሙት ሁለቱ መልሶች ትክክል ናቸው፤ በአንድ ነገር ብቻ እለያለሁ። እስከ 30ኛው ማይል መድረስን የጉዞው ግብ አድርጎ ማየት አይገባም። በሩ 15ኛው ማይል ላይ ተዘግቶ ቢያገኙት እንኳ ከዚያ ወዲያ በእግርና በብስክሌት መሄድ አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል፤ መኪና የማያልፍበት ባዶ መንገድ ላይ ከልጆች ጋር አንድ ሰዓት መራመድ እርስዎ የፈለጉት ጸጥታ ራሱ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጄ ከሁለቱ የሚበልጥብኝ በሩ የተዘጋበት ነው፤ መኪና ውስጥ ሆነን ብናልፍ ኖሮ የነጩን የበረዶ ቆቅ ድምፅ አንሰማም ነበር።

ስለ ተራራው ደግሞ ልጆቹን አስቀድመው ያዘጋጁ። 20,310 ጫማ (6,190 ሜትር) ቢረዝምም የራሱን ደመና ስለሚፈጥር ሊያየው ከሚሄደው ጎብኚ የሚያየው ከሦስት አንዱ ያህል ነው። በፓርኩ መንገድ መጀመሪያ የሚታየው 9ኛው ማይል አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት በአውራ ጎዳናው 135ኛው ማይል ላይ፣ በስተግራ፣ የዴናሊ ደቡብ መመልከቻ የሚባል ማረፊያ አለ፤ ሰማዩ ጠርቶ ካገኙት ‹ስንመለስ እናየዋለን› ሳይሉ ያኔውኑ ይቁሙ።

መንገደኛው

እግዚአብሔር ይስጥልን። የዴናሊን አውራ ጎዳና ሙሉ በሙሉ ሰርዘናል፤ ባትነግሩን ኖሮ ልጆቼንና እናቴን ይዤ እገባበት እንደነበር ሳስብ ይዘገንነኛል። አሁን ሦስት ሌሊት ሂሊ አድረን፣ ሁለቱን ሙሉ ቀን ለፓርኩ ሰጥተን፣ ከሁለቱ የተሻለው አየር ባለበት ቀን መንገዱ እስከፈቀደ ለመግባት ወስነናል። አከራዩን ደውዬ ስጠይቅ ጠጠር መንገድ እንደማይፈቅድ ስለነገረኝ ሌላ አከራይ እየፈለግሁ ነው። የቀረኝ አንድ ስጋት እናቴ በድብ ምክንያት መፍራቷ ነው። በኤፕሪል ድቦቹ ገና በእንቅልፍ ላይ አይደሉም?

የሰሜን ነዋሪ

የለም፣ በኤፕሪል መውጣት ይጀምራሉ፤ አስቀድመው የሚወጡት ትልልቆቹ ወንዶች ናቸው። ሕጉ ከድብ 300 ያርድ (275 ሜትር ያህል)፣ ከሌሎቹ እንስሳት ደግሞ ቢያንስ 25 ያርድ (23 ሜትር ያህል) ርቆ መቆምን ያዝዛል፤ ድብ መንገድ ዳር ካዩ ከመኪና አይውረዱ። በእግር ሳሉ ካጋጠመ አይሩጡ፤ ልጆቹን አስጠግተው፣ በረጋ ድምፅ እየተናገሩ፣ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይራቁ። ምግብ ሁልጊዜ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ ይሁን።

እኔ ለእናትዎ ይበልጥ የምሰጋው ሙስ ከሚባለው ግዙፍ የአጋዘን ዓይነት ነው። በዚህ ወቅት ከክረምቱ ረኃብ የተረፉ ሙሶች ጥልቁን በረዶ ሸሽተው በተጠረገው መንገድ ላይ ይሄዳሉ፤ በምሽት በአውራ ጎዳናው ላይ በድንገት ፊት ለፊት ይቆማሉና ፍጥነትዎን ይቀንሱ። ሙስ ጆሮዋን ወደ ኋላ ካጣጠፈችና የጀርባዋ ጠጉር ከቆመ ልትመጣ ነው፤ ከድቡ በተቃራኒ ከእርሷ መሮጥ፣ ከዛፍ ወይም ከመኪና ጀርባ መከለል ይገባል። የወንዞቹ በረዶም በወሩ መጨረሻ ከላይ ጠንካራ መስሎ ከሥሩ የተበላ ስለሚሆን ልጆቹ እንዳይረግጡት ይንገሯቸው።

ከሂሊ ከመነሣትዎ በፊት 511 ደውለው የአውራ ጎዳናውን ሁኔታ ይጠይቁ፤ መግቢያውን ጥቂት ማይል እንዳለፉ ስልክዎ ስለማይሠራ የሚደውሉለት ሰው ካለ አስቀድመው ይደውሉ። ሩቅ የሚያሳይ መነጽር ሁለት ይያዙ፤ አንዱን ለእናትዎ ይስጧቸው፤ ዳል የሚባሉት ነጫጭ የዱር በጎች በዚያ ወቅት ከፍ ባለው ገደል ላይ እንደ ነጭ ነጥብ ስለሚታዩ ከመኪናው ሳይወርዱ ሊቆጥሯቸው ይችላሉ።