ከሱሉልታ ሆኖ የዋልታ በረዶ ማጥናት ይቻላል?

ጠያቂው፦ ሰላም ቤተሰብ። ፊዚክስ ጨርሻለሁ። የባሕር በረዶን በሳተላይት ማጥናት አምሮኛል፣ እኔ ግን ሱሉልታ ላይ ከሰማይ ከሚወርደው በቀር በረዶ አላውቅም። ያዋጣል?

የእንጦጦ ልጅ፦ ስለ ገንዘቡ እንጃ፣ ግን ይቻላል። አብዛኛው ሥራ ኮምፒውተር ላይ ነው። ከ1978 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ሳተላይቶች ከበረዶውና ከባሕሩ የሚወጣውን ማይክሮዌቭ ጨረር ይለካሉ፤ ደመናውም የዋልታው ክረምት ረጅም ጨለማም አያግዳቸውም። ዳታው በነፃ ይወርዳል። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ተማር።

እታለም፦ ከባዱ የበረዶውን ውፍረት መለካት ነው ወንድሜ! ክራዮሳት-2 የሚባለው የአውሮፓ ሳተላይት በራዳር የሚለካው ከውሃው በላይ ብቅ ያለውን ነው፣ እሱ ደግሞ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ ገደማ ስለሆነ ትንሿ ስህተት ስትባዛ ጉድ ታፈላለች።

ጠያቂው፦ እሺ እታለም። መብራት ሲመጣ ማውረድ እጀምራለሁ።